«ልጄን ሊስትሮ አደረግሽው?»

ልጅ «ላግዛችሁ» ብሎ ሲመጣ መልሳችን ምንድነው? «ሂድ ተጫወት!» አለዚያም «ሂድና አጥና!» ነው አይደል? አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላው ደግሞ «ምን ዓይነት ሰነፍ ነው ያሳደግነው?» እያልን ለጎረቤት እናማርራለን። ቆይ፣ መቼ አስለመድነውና?

ነገሩን ያነሳሁት በምክንያት ነው። እኔና አንዲት ጓደኛዬ ጡረታ የወጣ የከተማ አውቶቡስ ገዝተን ቁርስ ቤት እያደረግነው ነው። አዎ፣ ያ ቀይና ቢጫው! ሞተሩ ወጥቷል፣ ጎማው ተነቅሎ በድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ወንበሮቹን አንስተን በሾፌሩ በኩል ማብሰያ አስገባን… ብቻ ገንዘባችን በያጁ ጋ አለቀና መወልወሉ ለእኛው ቀረ። ለእኛ ስል ለእኔና ለዘጠኝ ዓመቱ የእህቴ ልጅ ማለቴ ነው። እናቱ ቤይሩት ከሄደች አራት ዓመት ሆናት፤ እሱ ከእኔና ከእናቴ ጋር ነው የሚኖረው።

ተሳፋሪ የሚንጠለጠልባቸው ቱቦዎች ቀለም ተቀብተው ነበር። በያጁ «ሥሩ ስቴንለስ ስቲል ነው፣ ቀለሙን አንሱት» ሲለን ልጁ አላመነም። ሰውየው ከአሮጌ ስፒከር የወጣ ማግኔት ሰጠውና «ራስህ ሞክር» አለው። በላሜራው ላይ አስጠጋው፣ ቸብ! በሩ ላይ፣ ቸብ! ቱቦው ላይ ግን ማግኔቱ እንደ ማያውቁት ሰው ዝም። አብዛኛው ለእንዲህ ያለ ሥራ የሚውለው ስቴንለስ ማግኔት አይስበውም። ውስጡ ክሮሚየም አለ፤ ቢያንስ 10.5 በመቶ፣ በተለመደው ዓይነት ደግሞ 18 በመቶ ገደማ። ይኼ ክሮሚየም ከአየር ጋር ሲገናኝ ዓይን የማያየው ስስ ሽፋን ይሠራል፤ ቢጫር እንኳ ሽፋኑ ራሱን መልሶ ይጠግናል። ልጁ በዚህ ተደንቆ ሁለት ቀን ሙሉ ማግኔቱን ይዞ ሰፈሩን ዞረ። የጎረቤታችን ድስትም አልቀረለት!

ቀለም ማስለቀቁና ግራይንደሩ የእኔ ሥራ ነው። ሽታውም ፍንጣሪውም ለልጅ አይሆንም፣ በዚህ ላይ ክርክር የለም። ከዚያ ብርጭቆ ወረቀት ይከተላል፦ መጀመሪያ 400 ቁጥር፣ ቀጥሎ 600፣ ከዚያ 1000፣ ውሃ እየነከሩ። የፊተኛው ጭረት ሳይጠፋ ወደሚቀጥለው ቁጥር ማለፍ በከንቱ መድከም ነው። የልጁ ድርሻ መጨረሻው ነው፤ ፖሊሽ መቀባትና መወልወል። ታዲያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? አሮጌ ነጠላ ቀደደና በቱቦው ዙሪያ ጠምጥሞ፣ ሁለቱን ጫፍ ይዞ ሽው… ሽው… ሽው! ከት/ቤት ሲመለስ ሊስትሮዎቹ ጫማ ሲያጸዱ ያያላ! ቱቦው እንደ መስታወት ሆነ።

አንድ ደንብ አለኝ። ልጅ የሠራውን ተደብቃችሁ የምትደግሙት ከሆነ ጭራሽ ባታስነኩት ይሻላል፣ ይነቃልና። ከበሩ ሦስተኛው ቱቦ ላይ ደመና የመሰለ ነገር ቀርቷል። እንደዚያው ይቀራል፣ ደንበኛ ቢስቅም ይሳቅ። የቤት ሥራ ይቀድማል፤ «ደከመኝ» ካለም አለቀ። ጓደኛዬ «ደመወዝ እንስጠው» ብላ ስትቀልድ ግን ከለከልኳት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ከልክሏል። እሱ ቅጥረኛ ሳይሆን የቤት ልጅ ነው፤ ጨጨብሳው ሲጀመር የመጀመሪያው ሳህን የሱ ነው።

ይህንን ሁሉ ለእህቴ ማን ያስረዳልኝ? በኢሞ ስትደውል የልጁን ጥቁር ጥፍር አየችና ጮኸች። «ልጄን ሊስትሮ አደረግሽው? እኔ እዚህ የሰው ወጥ ቤት የምፈትገው እሱ እንዳይፈትግ ነው!» ስልኩን ዘጋችው። እናቴ ደግሞ በዚህ በኩል «ቀጥቃጭ ልታደርጊው ነው» ትለኛለች። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ በአዋጅ ከልክለው ነበር። አዋጁ እኛ ቤት ገና አልደረሰም።

እናቴን በሳቅ አለፍኳት። እህቴ ያለችው ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲመላለስብኝ አደረ። የሷ ነገር ኩራት አይደለም።

ሦስት ቀን ጠፋች። እሑድ ስትደውል ልጁ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጣት ስልኩን ወደ ቱቦው አዞረው። ዝም አለች። ቆይታ፣

«በምንድነው የወለወላችሁት?»

«በፖሊሽና በነጠላ።»

«የድስት ሽቦ አላስነካችሁትም? በረኪናስ?»

ለካስ እህቴ በየቀኑ የማዳምን ማቀዝቀዣ፣ ምድጃና የእቃ ማጠቢያ የምትወለውል ናት፤ ሁሉም ስቴንለስ! የድስት ሽቦ ፍርፋሪው ላዩ ላይ ቀርቶ ይዝጋል፣ በረኪና ደግሞ ይበላዋል፣ ነጠብጣብም ያወጣበታል አለችን። ለየዕለቱ ለብ ያለ ውሃና ሳሙና ይበቃል፤ የውሃ ምልክት እንዳይቀር ወዲያው ማድረቅ። የጣት አሻራ ካስቸገረ ጨርቅ ላይ ጠብ ያለች ዘይት። መስመር ያለውን ብረት መስመሩን ተከትሎ እንጂ አግድም አለማሸት። ልጁ ሁሉንም በደብተሩ ጀርባ ጻፈው።

እናትና ልጅ ለወትሮው የሚያወሩት «በላህ?» «አዎ።» «ትምህርትስ?» «ደህና።» ነው፤ ቀጥሎ «በል እቴቴን አቅርብልኝ» ይመጣል። የዚያን ዕለት ግን ጥቅሉ እስኪያልቅ አወሩ።

«እዚያ ማን ያግዝሻል?» አላት።

«ማንም።»

ይህን ጊዜ እሱ ዝም አለ።

«ሥራው ይቀጥል» አላለችም፣ «ይቁም»ም አላለችም። ልትዘጋ ስትል ግን ለእኔ «ጓንት ግዢለት» አለችኝ። መርካቶን ሁለቴ ዞርኩት፣ የሚሸጠው ሁሉ የትልቅ ሰው ነው። ለዘጠኝ ዓመት ልጅ እጅ የሚሆን የሥራ ጓንት የት እንደሚገኝ የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ጠቁሙኝ፤ ገና አሥራ አንድ ቱቦ ይቀረናል።