ወረንጦ

ከእናቴ አንገት የማይለዩ ሁለት ነገሮች ነበሩ፤ መስቀልና ወረንጦ። የወረንጦውን ሥራ አሳምሬ አውቀዋለሁ። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ደጅ ፀሐይ ላይ ራሷን ከጭኔ አስደግፋ፣ «በል ልጄ፣ ያንተ ዐይን ያያል፤ የሚወጋኝን ፈልግልኝ» ትለኝ ነበር። ወደ ውስጥ የዞረውን ሽፋሽፍት አንድ ባንድ እነቅላለሁ። «ተገላገልኩ፣ እደግ» ብላ ትመርቀኛለች። ምን ያደርጋል፣ ጠጉሩ አጭርና ሻካራ ሆኖ ተመልሶ ይበቅላል። ዩኒቨርሲቲ ስገባ ያለቀሰችው ለናፍቆት ብቻ አልነበረም። «እንግዲህ ማን ይነቅልልኛል?» አለች እኮ!

በሽታው የዐይን ማዝ ነው፤ ሐኪሞች ትራኮማ ይሉታል። ቻይናዊው ታንግ ፌይፋን ባክቴሪያውን ለይተው ማውጣታቸውን ይፋ ያደረጉት በ1957 እ.ኤ.አ. ነው። እዚህ መጥቼ ሳነብ ግን እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነው። ማዙ የሚበረታው ሕፃናት ላይ ነው፤ ከሕፃኑ ዐይን በእጅ፣ በጨርቅ፣ በዝንብ ይጋባል። ደጋግሞ ሲይዝ የዐይንን ቆብ ከውስጥ አጠባስሶ ይቀለብሰዋል። ሴቶች ከወንዶች ይልቅ የሚጎዱት ከልጅ ስለማይለዩ ነው። አምስት ነበርን። እናቴ የአምስታችንን ዐይን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ በዚያው ጫፍ የራሷን ትጠርግ ነበር። ታዲያ የነቀልኩላትን እሾህ የተከልነው እኛው ነን ማለት ነው?

ባለፈው ክረምት ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። «ዐይኔን በምላጭ?» ብላ ሁለት ቀን አስለመነችኝ። በማደንዘዣ መርፌ አደንዝዘው፣ የሠለጠነ ነርስ የቆቡን ጠርዝ ወደ ውጭ መልሶ ሰፋው። ቀኝ ዐይኗ ተረፈ። የግራው ብሌን ግን ቀድሞ ጠባሳ ሸፍኖታል፤ ቀዶ ጥገና መውጋቱን ያስቆማል እንጂ የጠፋ ብርሃን አይመልስም። ዘገየሁ።

ለእህቴ ልጆች በዓመት አንዴ የሚዋጠው አዚትሮማይሲን ደርሷቸዋል። የቴትራሳይክሊን ቅባት ቢሆን በቀን ሁለቴ፣ 6 ሳምንት ሙሉ ነው፤ ማን ያን ያህል ይታገሣል! ነገር ግን ፊት ካልታጠበ መድኃኒቱ ብቻውን ምን ይሠራል? ምንጩ አሁንም የአንድ ሰዓት መንገድ ነው።

ልመለስ በተነሣሁበት ጧት እህቴ የትንሹን ዐይን ስትጠርግ አየኋት፤ በነጠላዋ ጫፍ። ልናገራት አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ጀሪካኑን አንሥቼ ወደ ምንጩ ወረድኩ። ወንድ ልጅ ውሃ ሲቀዳ ያዩ ሁሉ ሳቁብኝ።