ቃና የሚሰማ ጆሮ

ነገሥታት ሊቃውንትን ሲሰበስቡ ብዙውን ጊዜ ዝናቸውን እንዲጽፉላቸው ነው፡፡ የኮርያው ንጉሥ ሴጆንግ ግን እ.ኤ.አ. በ1420 ባደራጀው የጠቢባን አዳራሽ ሌላም ነገር ፈለገ፤ የሕዝቡን አንደበት፡፡ የቻይና ፊደል የኮርያን ድምፅ አይገልጥም፣ ተራው ሰው ብሶቱን ሊጽፍበት አይችልም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1443 ሃያ ስምንት ፊደላት ቀረጸ፤ በ1446ም አወጀ፡፡

የሚገርመው፣ ብርቱው ተቃውሞ የመጣው ከራሱ አዳራሽ ነው፡፡ ከአለቆቹ አንዱ ቼ ማሊ፣ የራስን ፊደል መያዝ ከሥልጣኔ መውጣት ነው ሲል በ1444 አቤቱታ አቀረበ፡፡ ጆንግ ኢንጂና ሌሎች ሊቃውንት ግን የፊደሉን ማብራሪያ ጻፉ፡፡ ሊቅነት ብቻውን ጆሮ አይሰጥም ማለት ነው፡፡

እኛም በንጉሥ ትእዛዝ የቆመ ጉባኤ ነበረን፡፡ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1964 ዓ.ም. የአማርኛ ቋንቋ ብሔራዊ አካዳሚን አቋቋሙ፡፡ ከአብዮቱ በኋላ ስሙ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ሆነ፡፡ ኋላም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር፣ በጥናትና ምርምር ማእከልነት፣ በ1993 ዓ.ም. የአማርኛ መዝገበ ቃላት አሳተመ፡፡ እኔ ይህንን መዝገበ ቃላት እወደዋለሁ፤ ነገር ግን ከሚዛን ተፈሪ ሆኜ ስገልጠው «ቋንቋዎች» የሚለው የብዙ ቁጥር ዕዳ ሆኖ ይታየኛል፡፡

እዚህ ገበያ ላይ ቡና የሚሸጥበት ቤንችኛ ስድስት ቃና አለው፤ አምስቱ በከፍታ የተለያዩ፣ ስድስተኛው ወደ ላይ የሚወጣ፡፡ በቴፒ በኩል የሚነገረው ሸኮኛም አራት የከፍታ ደረጃዎች አሉት፡፡ የቃሉ ድምፆች ሳይለወጡ ቃናው ከተለወጠ ትርጉሙ ይለወጣል፡፡ አማርኛ አንባቢ ይህ አይጠፋውም፤ «አለ» ጠብቆ ሲነበብ መኖርን፣ ላልቶ ሲነበብ መናገርን ይገልጣል፤ ፊደላችን ግን ልዩነቱን አያሳይም፡፡ ጉድለቱን የምንሞላው በለመደው ጆሯችን ነው፡፡ በልጅነቱ ቋንቋውን ያልሰማ ግን በምን ይሞላዋል?

ቤንችኛ ዛሬ በላቲን ፊደል ይጻፋል፡፡ በግዕዝ ፊደል ፍቅር ያደግን ሰዎች በዚህ ቅር ልንሰኝ እንችላለን፤ የቼ ማሊ ቅሬታም ከፍቅር የመነጨ ነበርና፡፡ ከፊደሉ ምርጫ የሚቀድመው ግን መዝገቡ ነው፡፡ ቃናን ለይተው የሚያውቁ ሽማግሌዎች ሳያልፉ፣ አጠገባቸው ተቀምጦ የሚሰማና የሚጽፍ ያስፈልጋል፡፡ ለዚህ ንጉሥ መጠበቅ የለብንም፡፡