ቧሂትን ለመውጣት ስናቅድ



የሰሜን ተራሮችን በስም የማያውቅ አንባቢ ያለ አይመስለንም። ብሔራዊ ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1969 ተቋቁሞ በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ መሆኑን፣ ዋልያ፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት መሆኑን ልጆቻችን በትምህርት ቤት ይማሩታል። ሆኖም ተራራን በመጽሐፍ ማወቅና አንድ ሙሉ ቀን ሲወጡትና ሲወርዱት መዋል ለየቅል ናቸው። እዚህ የምናወጋችሁ ስለ አንድ ቀን የእግር ጉዞ ነው፤ ይኸውም ከጨነቅ ተነስቶ፣ የቧሂትን ዳገት ወጥቶ፣ ሳይመሽ ስለ መመለስ።

ከደባርቅ ከተማ የሚነሳው የጠጠር መንገድ በሳንቃበር በኩል አልፎ ጨነቅ ይደርሳል። ሳንቃበር 3,250፣ ጨነቅ ደግሞ 3,620 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። የቧሂት ጫፍ ከ4,400 ሜትር በላይ ነው። ከጨነቅ ወደ ላይ የአስታው ዛፍ እየሳሳ ሄዶ ያልቃል፤ ከዚያ ወዲያ ጓሳ ሣርና እዚህም እዚያም ብቻውን የቆመ ጅብራ ነው። የሚጠለሉበት ዛፍ የለም፣ የሚያንኳኩት ቤት የለም። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀንሳል፤ ቆዳ የሚለበልበው የፀሐይ ጨረር ግን በ10 ከመቶ ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ ሰው እየበረደው ፊቱ ይቃጠላል። ብርድ ስለተሰማው ብቻ ባርኔጣውን በሻንጣ የሚከት ወጣት ማታ ከንፈሩ ተሰንጥቆ ያድራል።

የአየሩም ነገር አለ። በቧሂት ጫፍ አንድ ትንፋሽ የሚያስገባው ኦክሲጅን በባሕር ጠረፍ ካለው 60 ከመቶ ያህል ነው። የአዲስ አበባ ሰው ከፍታ ለምዷልና ጥቂት ይሻለዋል። ከጅዳ ወይም ከዱባይ ለዕረፍት የመጣ ዘመድ ግን ከባሕር ወለል በቀጥታ መምጣቱን መርሳት የለብንም፤ ጎንደር ቢያርፍ፣ ደባርቅ ቢያድር፣ ሳንቃበር ደግሞ ሌላ ሌሊት ቢጨምር ጊዜ አባከነ አይባልም። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ማዞር ሲጀምሩ ከዚያ በላይ መውጣት ይቁም፤ ካልተሻለ ወይም ከባሰ መድኃኒቱ መውረድ ነው። ጎበዝና ስፖርተኛ መሆን ከዚህ አያድንም። እንዲያውም የሚቸኩለው እሱ ስለሆነ ቀድሞ የሚታመመውም ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

የጉዞው ዕቅድ ልብ ሰዓቱ ነው። ዊልያም ናይስሚዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ እ.ኤ.አ. በ1892 አንድ ቀላል ስሌት ሰጥቶ ነበር፦ ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት፣ በዚያ ላይ ለየ600 ሜትሩ ዳገት ሌላ አንድ ሰዓት። ስሌቱ የተሠራው ለዝቅተኛዎቹ የስኮትላንድ ተራሮችና ለጠንካራ እግረኛ ነውና ልጆችና እናቶች ባሉበት፣ ያውም በ4,000 ሜትር ላይ፣ እጥፍ ቢታሰብ እንኳ አይበዛም። እኛ ለመውጫው አራት ሰዓት ተኩል እንይዛለን።

በታኅሣሥ ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል በኋላ ነው፤ የምትጠልቀውም ከምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ። ሱብሒን ሰግደን፣ ሻይ ጠጥተን 1 ሰዓት ላይ ከተነሳን የዙህር ወቅት ሲገባ፣ ማለትም 6 ሰዓት ከ20 ግድም፣ ከአምስት ሰዓት በላይ ተጉዘናል ማለት ነው። የኛ ደንብ እንግዲህ ይህ ነው፦ ዙህር የትም ያግኘን የት፣ ጫፍ ላይም ሆነ ከጫፍ በታች፣ ከሰገድን በኋላ ፊታችን ወደ ታች ነው። ዐስር ከ9 ሰዓት ተኩል በኋላ ስለሚገባ ጨነቅ ደርሰን እንሰግደዋለን፤ አንድ ሰው ቁርጭምጭሚቱ ቢዞር እንኳ ሁለት ሰዓት ያህል ብርሃን በእጃችን ይቀራል። ይህን ደንብ የምንወስነው ከታች፣ ሁሉም ሰው ደህና ሆኖ ተቀምጦ ሳለ ነው። ከላይ፣ ጫፉ እየታየ፣ የሚደረግ ምክክር ምክክር አይደለም።

ሶላትን ካነሳን አይቀር አንድ ነገር እናንሳ። ከሰሜን ተራሮች መካ የምትገኘው በሰሜን፣ ጥቂት ወደ ምሥራቅ ዘንበል ብላ ነው። ታላቁ ገደልም የሚያየው ወደ ሰሜን፣ ወደ ተከዜ ቆላ ነው። ስለዚህ በጠርዙ ላይ የቆመ ሰጋጅ ቂብላው ገደሉ ሆነ ማለት ነው። እይታው ልብ የሚያስደነግጥ ውበት አለው፤ ነገር ግን ከሱጁድ ሲነሱ ራስን ማዞር በዚያ ከፍታ የተለመደ ነውና፣ ነፋሱም ድንገት ይመጣልና፣ ምንጣፋችንን የምናነጥፈው ከጠርዙ በብዙ እርምጃ ወደ ኋላ፣ ከፊታችን ሜዳ ያለበት ቦታ ላይ ነው። ልጆች ከፊት ረድፍ አይቆሙም። በመንገዱ ላይ ውሃ ይገኛል ብለን አንነሳም፤ ለአንድ ሰው ከ2 እስከ 3 ሊትር ከጨነቅ ይያዛል። የያዝነው ለመጠጥ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ተየሙም መኖሩን በመድረሳ የተማሩት ልጆች ለሌሎቹ ያስረዳሉ።

ስለ ልብስና ስንቅ ብዙ አንልም። ሲሞቅ የሚወልቅ ሲበርድ የሚደረብ፣ ዝናብ የማያስገባ ካፖርት፣ ሶሉ ያልተበላ ጫማ። እህቶቻችን ከረጅሙ ቀሚስ ሥር ሱሪ ቢለብሱ፣ ሒጃባቸውንም ነፋስ ዓይናቸው ላይ እንዳይጥለው በመርፌ ቁልፍ አጥብቀው ቢይዙት እንመክራለን። በሶ፣ ቆሎና ተምር ከብስኩት ይሻላሉ። የእጅ ባትሪና ፊሽካም አይረሱ።

ከሁሉ የሚያስፈራን ግን መብረቅ ነው። ዛፍ በሌለበት ሸንተረር ላይ ረጅሙ ነገር ሰው ይሆናልና። ብልጭታውን ካየን በኋላ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ብንቆጥር፣ ሦስት ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ቆጠራው 30 ሳይሞላ ከተሰማ ቶሎ ከሸንተረሩ መውረድ ነው። በክረምት ወራት ይህን ጉዞ የማናስበው ለዚህ ነው። ከጥቅምት እስከ የካቲት ሰማዩ የተሻለ ቢሆንም፣ በነዚያም ወራት ቢሆን ከሰዓት በኋላ ጉም ከቆላው ተነስቶ ጠርዙን ሊሸፍን ይችላል።

መንገዱን የሚያውቀው የአገሩ ሰው ነው። ከደባርቅ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ፈቃድ ተከፍሎ፣ መሣሪያ የያዘ ስካውት ታዝዞ ይሄዳል፤ በቅሎ ከነባለቤቷ መከራየትም ይቻላል፣ ለታመመ ሰው ከምንም በላይ የምትጠቅም እሷ ነች። ብዙ አንባቢ የማያውቀውን ነገር እንጨምር፤ በፓርኩ ውስጥ የነበረው የግጭ መንደር ነዋሪዎች ሙስሊሞች ነበሩ። ከ400 በላይ አባወራዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ከ1996 ጀምሮ የነበረው ፓርክ በ2017 ወጥቷል፤ ለዋልያው መልካም ዜና ነው፣ የአያቶቹን ቀዬ ለለቀቀው ገበሬ ግን ዋጋው ቀላል እንዳልነበር መናገር ተገቢ ነው። ደባርቅ ላይ ከነዚህ አባቶች አንዱን ያገኘ ሰው ስለ ነፋሱና ስለ ጉሙ ከየትኛውም ካርታ የበለጠ ይማራል።

በ2012 ዓ.ም. ታኅሣሥ አሥራ አንድ ሆነን ስንወጣ፣ ከጫፉ አንድ ሰዓት ያህል ሲቀረን ከወጣቶቹ አንዱ ራሱን ይዞ ተቀመጠ። ሰዓቱ ገና 5 ነበር፤ ሰማዩም ጥርት ያለ። «እናንተ ሂዱ፣ እኔ እዚህ እጠብቃችኋለሁ» አለ። ሌሎቹም ዓይናቸው ጫፉ ላይ ነው። ስካውቱ አንድ ብቻ ስለነበር ለሁለት መከፈል አይቻልም ነበር፤ ብቻውን ማስቀመጥ ደግሞ ጭራሽ የማይታሰብ ነው። ከወጣቶቹ ሁለቱ ፊታቸው ጠቆረ፤ አንደኛው «ይህን ያህል መጥተን?» አለ፤ ማንም አልመለሰለትም። ልጁን በቅሎ ላይ አድርገን ሁላችንም ወረድን። ጨነቅ ስንደርስ ራስ ምታቱ ቀሎለት ሻይ ጠየቀ። ያ የተቆጣው ወጣት ሻይውን የቀዳለት ራሱ ነበር። ዐስርን ሰግደን ስናበቃ ከፊታችን ባለው ገደል ላይ ቀንዳቸው ወደ ኋላ የታጠፈ አራት ወንድ ዋልያዎች ወጡ። ልጆቹ ድምፃቸውን አጥፍተው እስኪሰወሩ ድረስ አዩዋቸው።

እ.ኤ.አ. በ2023 በክልሉ ግጭት ከተነሳ ወዲህ ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚወስደው መንገድ ሁኔታ ሊለዋወጥ ይችላል። ስለዚህ ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት ለፓርኩ ጽሕፈት ቤት ደውሉ፤ ደባርቅ ዘመድ ካላችሁም እሱን ጠይቁ። መንገዱ ሰላም መሆኑ በተረጋገጠበት ጥቅምት ወይም ኅዳር፣ ኢንሻአላህ፣ እኛም ከነዚያው ወጣቶች ጋር እንደገና ለመሞከር አስበናል። የመመለሻው ሰዓት ያው ዙህር ነው።