ያለ ደመወዝ የሠራሁበት ክረምት

የ1997 ክረምት ሲገባ፣ ከስድስት ኪሎ የሕግ ፋኩልቲ የተጻፈልኝን መሸኛ ደብዳቤ ዝናብ እንዳይነካው በፕላስቲክ ጠቅልዬ ወደ ትውልድ ከተማዬ አዳማ ወረድኩ። ያኔ ክረምቱን በዐቃቤ ሕግ ቢሮ እንድናሳልፍ የሚያስገድደን አልነበረም። ውጤት አይያዝበትም፣ አበል የለውም፣ የመጓጓዣ እንኳ አይታሰብም። በክፍል የተማርነውን ሕግ ሰው ላይ ሲሠራ ማየት የጓጓን ልጆች በፈቃዳችን እንሄድ ነበር።

አዳማ ያኔ የጋሪ ከተማ ነበረች። ከመናኸሪያ ወደ ሰፈር የሚያደርሰን ፈረስ ነው፤ የጅቡቲው ባቡር ጩኸትም ገና አልጠፋም። የዚያን ክረምት የከተማው ወሬ ሁሉ ስለ ቢሮዎች ነበር። አዳማ በ1992 የኦሮሚያ ዋና ከተማ እንድትሆን ተወስኖላት ነበር፤ በ1997 ሰኔ ግን የክልሉ መቀመጫ ወደ ፊንፊኔ እንዲመለስ ተወሰነ። የክልሉ ሠራተኛ ልጁን የት እንደሚያስመዘግብ ሲጨነቅ፣ እኔ የገባሁበት የከተማው ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ግን የዕለት ሥራውን ይሠራ ነበር።

መጀመሪያ የተሰጠኝ ሥራ መዝገብ መሸከም ነው። ከፖሊስ የመጣውን የምርመራ መዝገብ እቀበላለሁ፣ በቁጥር እደረድራለሁ፣ የምስክሮችን ቃል አነባለሁ። ከሁሉ የከበደኝ ቋንቋው ነበር። ሕጉን የተማርኩት በእንግሊዝኛ፣ የወንጀል ሕጉን ያገኘሁት በአማርኛ፣ ክሱ የሚጻፈው ደግሞ በኦሮምኛ፣ በቁቤ። የእኔ ኦሮምኛ የገበያና የሰፈር ኦሮምኛ ነው። ፍርድ ቤት “መና ሙርቲ”፣ ክስ “ሂመና” መሆኑን የተማርኩት በዚያ ክረምት ነው። ዐቃቤ ሕግን “አባ አላንጋ” ይሉታል፤ ባለ አለንጋው ማለት ነው። በአማርኛው ሕግ ጠባቂ፣ በኦሮምኛው አለንጋ የያዘ። ሁለቱን ስሞች አንድ ላይ ይዤ ሳስባቸው የሥራው ክብደት ገባኝ።

በሁለተኛው ሳምንት፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንጋፋ ዐቃቤ ሕግ አንድ ቀጭን መዝገብ ሰጡኝና “እስቲ ክሱን አርቅቅ” አሉኝ። የግል ተበዳዩ ከወንጂ በብስክሌት እየተመላለሱ በዘበኝነት የሚያድሩ አዛውንት ናቸው። በፋሲካ ዋዜማ ብስክሌታቸውን ገበያው በር ላይ አስደግፈው ዶሮ ሊገዙ ገቡ። ሲወጡ ብስክሌቱ የለም። ዶሮዋን ይዘው እስከ ወንጂ በእግራቸው ሄዱ። ቢሮ ሲመጡም ያነጋገሩኝ እንደ ሹም ሳይሆን “ኢልማ ኮ” እያሉ ነው፤ “ልጄ” ማለታቸው ነው።

ተጠርጣሪው ብስክሌቱን ሊሸጥ ሲል ነው የተያዘው፤ ዕድሜው ከእኔ አይበልጥም። አዲሱን የወንጀል ሕግ ገለጥኩና “አንቀጽ 665” ብዬ በልበ ሙሉነት ጻፍኩ። ጋሼ አነበቡት።

“ብስክሌቱ መቼ ጠፋ?”

“በፋሲካ ዋዜማ፣ ሚያዝያ 22።”

“አዲሱ ሕግስ ከመቼ ጀምሮ ነው የጸናው?”

“ከግንቦት 1...” አልኩና ዝም አልኩ።

በቀይ እስክሪብቶ 665ን ሰርዘው ከላዩ 630 ብለው ጻፉ፤ የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የስርቆት አንቀጽ ነው። በዚያም አላበቁም። አዲሱ ሕግ ለተከሳሹ የሚቀልለት ቢሆን ኖሮ የሚሠራው እሱ ስለሆነ፣ ሁለቱን አንቀጾች አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጬ ቅጣታቸውን እንዳመዛዝን አደረጉኝ። ከዚያ በኋላ ነው ሻይ በፓስቲ የጋበዙኝ።

የወንጀል ሕግ ወደ ኋላ ተመልሶ እንደማይሠራ ፈተና ላይ ጽፌ ጥሩ ውጤት አግኝቼበት ነበር። ፈተና ላይ ብሳሳት የሚጎድለው የእኔ ነጥብ ነው። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ግን ዘጠኝ ቀን አለማስተዋሌ የአንድ ወጣት ክስ በማይመለከተው ሕግ እንዲቀርብ ያደርግ ነበር። የሕግ ባለሙያነቴን የምቆጥረው ከዚያች ጠዋት ነው።

ከዚያ ወዲህ የሕግ ትምህርት ተሻሽሎ አምስት ዓመት ሆኗል፤ ኤክስተርንሺፕ የሚባል ራሱን የቻለ ኮርስም ገብቶለታል። ዕድሉ ለሁሉም ተማሪ መድረሱ መልካም ነው። ሆኖም ለነጥብ የሚወጣ ተማሪ የመገኛ ወረቀቱን አስፈርሞ በጊዜ ሊሄድ ይችላል፤ ለሥራው የሚቀበለውም ሰው ቅጹን ሞልቶ ሊሸኘው ይችላል። እንዲህ ከሆነ መዝገቡ ሳይገለጥ ክረምቱ ያልፋል።

ስለዚህ በየፍትሕ ቢሮው ያላችሁ ታላላቆቼ፣ ተማሪ ሲመጣላችሁ ወንበር ብቻ ሳይሆን መዝገብ ስጡት፤ ያረቀቀውንም በቀይ አርሙለት። እናንተም ተማሪዎች፣ ኮርሱ እስኪደርስ አትጠብቁ። ሐምሌ ሲገባ መሸኛችሁን ይዛችሁ ለቤታችሁ ወደሚቀርበው ቢሮ ሂዱ፤ መዝገብ እንሸከም በሏቸው።