የደብረ ብርሃን ኪራይ ቤት ሒሳብ

ለማከራየት የሚገዛ ቤት ሁለት ገቢ አለው፤ አንዱ በየወሩ የሚመጣው ኪራይ ነው፣ ሁለተኛው ሳይታይ የሚያድገው የቦታው ዋጋ። ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ በየገጹ የሚዞረው «ደብረ ብርሃን ላይ ቤት ግዙ፣ ተኝታችሁ ብሉ» የሚለው ማስታወቂያ የሚያወራው ስለ መጀመሪያው ነው። ገንዘቡ ያለው ግን ሁለተኛው ውስጥ ነው። ይህን ሳይለይ የገባ ገዢ ተኝቶ መብላቱ ቀርቶ ተኝቶ ማደሩም ይቸግረዋል።

በትንንሽ ከተሞች ማከራየት እንደ ሥራ መቆጠር ከጀመረ ብዙ ዘመን አልሆነውም። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ወርሶ ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ብቻ ተወለት። ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ እስኪታወጅ ድረስ «አከራይ» መባል ከስድብ ብዙ አይርቅም ነበር። ከዚያ ወዲህም መሬት አይሸጥም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት የመንግሥትና የሕዝብ አድርጎታል፣ በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረትም ለመኖሪያ የሚሰጠው ለ99 ዓመት ነው። ስለዚህ በውል ላይ የሚሸጠው ግድግዳና ጣሪያ ነው። ገዢው ሰፈሩን፣ የአስፋልቱን ርቀትና የካርታውን ንጽሕና አይቶ ዋጋ ሲቆርጥ ግን ግድግዳውን ቀና ብሎም አያየው።

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በደሴ መንገድ ላይ ትገኛለች። ዩኒቨርሲቲዋ በ1999 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ የኢንዱስትሪ ፓርኳ በ2011 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ብርድ ልብስ ፋብሪካውና ቢራ ፋብሪካዎቹም አሉ። ከሩቅ ሆኖ ለሚያስብ ገዢ ሒሳቡ ቀላል ይመስላል፤ ዩኒቨርሲቲ ካለ ተማሪ አለ፣ ተማሪ ካለ ተከራይ አለ። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መደበኛ ተማሪ የሚያድረው ዶርም ውስጥ ነው። የሚከራየው መምህሩና የአስተዳደር ሠራተኛው ነው፤ በዝውውር የመጣው የባንክ ሠራተኛም፣ ፕሮጀክቱ እስኪያልቅ የሚቆየው መሐንዲስም አለ። የፓርኩ ሠራተኞች ደግሞ ሦስትና አራት ሆነው አንዲት ክፍል ይይዛሉ። መምህሩ ሻወር ያለው ሁለት ክፍል ይፈልጋል፤ የፋብሪካዋ ልጅ ሰርቪስ የሚያነሳበት መንገድ ዳር የምትገኝ ርካሽ ክፍል። ለአንዱ የተሠራ ቤት ለሌላው አይከራይም።

ብርዱም ተከራይ ነው፤ ያለ ውል ይገባል። ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ቤት በታኅሣሥ ውርጭ ፍሪጅ ነው። በሚያዝያ ቤት አይቶ የተዋዋለ የቆላ ሰው ኅዳር ላይ ሌላ ሲፈልግ የሚገኘው ለዚህ ነው። ሌላ ከተማ ላይ ቅንጦት የሚባለው ኮርኒስ እዚህ ክፍሉ ባዶ እንዳያድር የሚከፈል ዋጋ ነው።

ትልቁ አደጋ የቀጣሪ ጥገኝነት ነው። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ምሳሌ ይሆናል። አሜሪካ ኢትዮጵያን ከቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድሉ ከአጎዋ እንደምትሰርዝ ከተነገረ በኋላ ዋናው የልብስ ኩባንያ ፒቪኤች በኅዳር 2014 ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ፤ ስረዛው ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ሥራ ላይ ዋለ። ለፋብሪካ ሠራተኛ ብሎ በደባል የሚያዙ ክፍሎችን የደረደረ አከራይ ስለ ዋሽንግተን ፖለቲካ ማወቅ ሊጠበቅበት ነው። በዚያው ኅዳር የሰሜኑ ጦርነት ግንባር ደብረ ሲናና ሸዋ ሮቢት በደረሰ ጊዜ ደግሞ ከደብረ ብርሃን የወጣው ተከራይ ብቻ አልነበረም፣ ባለቤቱም ጭምር እንጂ። አዲስ አበባ ላይ አንድ ድርጅት ሲዘጋ ሌላ አለ። በትንሽ ከተማ ሌላ የለም።

አሁን ሒሳቡ። 5 ሚሊዮን ብር የወጣበት ቤት በወር 20,000 ብር ቢከራይ በዓመት 240,000 ያስገባል እንበል። አንድ ወር ባዶ ቢያድርና ለቧንቧ፣ ለቀለምና ለቁልፍ 20,000 ቢወጣ 200,000 ይቀራል። ይህ ከወጣው ገንዘብ 4 ከመቶ ነው፣ ያውም ግብር ሳይነሳ። ባንክ በቁጠባ ላይ የሚከፍለው ዝቅተኛ ወለድ 7 ከመቶ ነው። የብድር ወለድ ከኪራዩ ገቢ በብዙ ይበልጣልና፣ በእንግሊዝ አገር እንደሚደረገው ተበድሮ ገዝቶ ዕዳውን በተከራይ ኪስ መክፈል እዚህ አይሠራም። የሚገዛው የተጠራቀመ ገንዘብ ያለው ነው፤ ነጋዴ፣ ከገልፍ የተመለሰች እህት፣ አሜሪካ ያለ ወንድም። ታዲያ ለምን ይገዛሉ? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲተመን ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ባንክ የተቀመጠው ብር ቁጥሩ ሳይነካ አቅሙ ቀለጠ። ቤት ያለው ሰው ግን በማግስቱም ቤቱ አለው፤ ደግሞ ያንኑ ቤት አዲስ ለመሥራት ብረትና ሴራሚክ ተወደዋል። ቤት መግዛት እዚህ ብርን የመሸሻ መንገድ ነው፤ ኪራዩ የጥበቃ ደመወዝ ያህል ነው።

ሒሳብ ከተነሳ የቆጣሪ ነገር ሊታለፍ አይችልም፤ በዚህ አገር ከኪራዩ ይልቅ የሚያጣላው እሱ ነውና። የመብራት ታሪፍ በደረጃ ነው፤ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ይጨምራል። ስድስት አባወራ በአንድ ግቢ፣ በአንድ ቆጣሪ ሲሰካ፣ ለየብቻው ቢሆን ታችኛው ደረጃ ላይ የሚቀመጠው ድሀ በአንድነት ላይኛው ላይ ይወጣል። ለድሀ የታሰበውን ርካሽ ታሪፍ ድሀው አያገኘውም። ከዚያ ቢሉ በራስ ይካፈላል። ምሳውንም እራቱንም ውጭ የሚበላው ወንደላጤ ለሌላው እንጀራ ምጣድ ይከፍላል። አንዳንድ ግቢ ምጣድ ያለው እንደ ሁለት ሰው ይቆጠራል፤ እንግዳ ያሳደረም ተጨማሪ ይጠየቃል። የባለቤቲቱ ፍሪጅ ግን በየትኛውም ቆጠራ ራስ ሆኖ አያውቅም። መብራት ሁለት ሳምንት ጠፍቶ በከረመበት ወር ቢሉ ያው ሲመጣም የባለቤቲቱ ማብራሪያ አንድ ነው፤ «እኔም እንዳንተው ገርሞኛል።» ይህ ከኢንቨስትመንት ጋር ምን አገናኘው ለሚል፦ ለየክፍሉ ቆጣሪ ማስገባት፣ ካልተቻለም የየክፍሉን ፍጆታ የሚለካ ማካፈያ መግጠም፣ ጥሩ ተከራይን ለዓመታት ያቆያል፤ ከሴራሚኩም ከጂፕሰሙም ይረክሳል። ሰው ቤት የሚለቀው በኪራይ ጭማሪ ብቻ አይደለም። ማታ 3 ሰዓት በሚዘጋ በርና በማይታመን ቢልም ይለቃል።

ሕጉም ተቀይሯል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ቢያንስ ሁለት ዓመት እንዲቆይ፣ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ጭማሪው በዓመት አንዴ በተቆጣጣሪው አካል እንዲወሰን ያዛል። ክልሎች በየትኞቹ ከተሞቻቸው እንደሚሠራ ይወስናሉ። በትንሽ ከተማ ግን ብዙው ውል አሁንም በቃል ነው፤ አከራይና ተከራይ የሚገናኙት በሱቅ ባለቤት ወይም በእድር ሰው በኩል ነው፣ ዋሱም ይሉኝታ ነው። ይሉኝታው እስካለ ከአዋጁ ይሻላል። ሲያልቅ ግን ፍርድ ቤት የሚቀርብ ወረቀት የለም። የኪራይ ገቢ ግብሩም አለ፤ በ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ ሒሳብ መዝገብ ለማይይዝ ግለሰብ ከኪራዩ የተወሰነው ወጪ ተብሎ ይቀነስለትና በቀሪው ላይ ይሰላል።

ርቆ ለሚኖር ባለቤት ከግብሩ በላይ የሚከብደው ወኪሉ ነው። ከውጭ አገር በኤምባሲ የተላከ ውክልና ለእህት ወይም ለአጎት ልጅ ይሰጣል። መጀመሪያ ኪራዩ ይላካል፤ ቀጥሎ «ለጣሪያው አዋልኩት» ይመጣል፤ በመጨረሻ ራሱ ወኪሉ «ለጊዜው» ይገባበታል። ዘመድ የሆነ ተከራይ አይጨመርበትም፣ አይወጣም፣ ቢጠየቅም ይቀየማል። ሽማግሌ ይላካል፤ ሽማግሌውም ቡና ጠጥቶ ቤቱ እንዴት እንዳማረ መስክሮ ይመለሳል።

ሲሸጥም ወጪ አለ። ሕንፃ በሸጠ ሰው ትርፍ ላይ የሚታሰበው ግብር 15 ከመቶ ነው፤ የስም ማዛወሪያውና የደላላው ኮሚሽን ይጨመርበታል፤ ካርታው በሟች ስም ከሆነ ደግሞ የወራሾች ፊርማ ማሰባሰብ ራሱን የቻለ ዘመን ነው። ትንሽ ከተማ ውስጥ ባለ 5 ሚሊዮን ገዢ በየቀኑ አይገኝም። ማስታወቂያው ይህኛውን አላነሳውም፤ ስልክ ቁጥሩ ግን ሦስት ቦታ ተጽፏል።