ዘግይቶ የመጣ ተውኔት

ሰው ሁሉ ያመሰገነውን ነገር በጊዜው ሳያይ የቀረ ሰው፥ በወዳጆቹ ጨዋታ መካከል ዝም ብሎ መስማት ዕጣው ነው። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ጥቂት ዓመታት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ይታይ የነበረው «ሰው ለሰው» የተባለው ተከታታይ ድራማ ለእኔ እንዲህ ያለ ነገር ነበር። በዚያን ጊዜ በአሶሳ ዞን በጾሬ ለሥራ ተቀምጬ ነበርና በቤቴ ቴሌቪዥን አልነበረም። ለጉዳይ ወደ አዲስ አበባ በሄድሁ ቍጥር ግን ሹሙም ነጋዴውም ስለ አስናቀ ሲከራከር አገኝ ነበር። ይህ አስናቀ፥ ዝነኛው ተዋናይ አበበ ባልቻ የተጫወተው፥ በውጭ የተከበረ ባለጠጋ፥ በውስጥ ግን ጨካኝ የሆነ ሰው መሆኑን የተረዳሁት ከእነርሱ ክርክር ነው።

መልካም ሥራን ዘግይቶ ማግኘት ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታትሞ ወጣ፤ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ያነበበው ግን ከዚያ ብዙ ዓመት ቈይቶ ነው። ፊደል ያልቈጠረ ሰው ሁሉ ታሪኩን በዚያ ድምፅ አገኘው፤ አንባቢው ካረፈ በኋላም ድምፁ እስከ ዛሬ ይሰማል።

በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ወንዞች ዳር ወርቅ የሚያጥቡትን ሴቶች ያየ ሰው የዚህን ምክንያት በቀላሉ ያስተውለዋል። አፈሩ በገበቴ ውስጥ በውሃ ሲናጥ ቀላሉ ይሄዳል፥ ከባዱ ከታች ይቀራል። ዘመንም ተውኔትን እንዲሁ ያጥበዋል። በወጣ ሳምንት ብዙ ነገር ይመሰገናል፤ ከዐሥር ዓመት በኋላ ሰው አሁንም የሚያነሣው ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ዘግይቶ የሚያይ ሰው የታጠበውን ይቀበላል።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት የእኅቴ ልጅ ሊጠይቀን በመጣ ጊዜ ድራማውን በፍላሽ ይዞልን መጣ። በቤታችን የባለቤቴ እናት አብረውን ይኖራሉ። የበርታ ተወላጅ ናቸውና ዐማርኛን ለገበያ ያህል ይሰማሉ እንጂ የተውኔት ንግግር ይከብዳቸዋል። ስለዚህም ቴሌቪዥኑ በተከፈተ ጊዜ ሁሉ፥ የምሽቱን ስግደት ጨርሰው ብቻቸውን ወደ መኝታቸው ይገቡ ነበር። የዐሥራ አራት ዓመቷ ልጄ ደግሞ ዐማርኛው ሲበረታላት የአያቷ ቋንቋ ከአፏ እየራቀ ሄዶ ነበር። አያትና ልጅ ልጅ በአንድ ጣራ ሥር እያሉ ከሰላምታ በቀር የሚነጋገሩት እያነሰ መሄዱ ባለቤቴን እጅግ ያሳዝናት ነበር።

ቴሌቪዥን በየሳምንቱ በሚያሳይበት ሰዓት ለማንም አይቆምም፤ ያልገባው ሰው እንዳልገባው ይቀራል። በፍላሽ የመጣው ግን ሲያቆሙት ይቆማል። ልጅቱ በየጥቂቱ እያቆመች ለአያቷ ትተረጕም ጀመር። አንድ ምሽት አስናቀ በለሰለሰ አንደበት ሲናገር አቆመችና፥ በአፉ አንድ በልቡ ሌላ የሆነ ሰው መሆኑን ለማስረዳት በበርታ ቋንቋ ብዙ ቃል አባከነች። አያቷ ሥቀው «እንዲህ ያለው ሰውማ በእኛ ዘንድ አንድ ስም አለው» ብለው ቃሉን ሰጧት። ልጅቱም ቃሉን በደብተሯ ጻፈችው። ክረምቱ ሳያልፍ በደብተሩ ከሰባ የሚበልጥ ቃል ተሰበሰበ።

እማማም ከዚያ ወዲያ ለውዙን እየፈለፈሉ ከእኛ ጋር ያመሹ ጀመር። ከጥቂት ቀንም በኋላ መጠየቁን ትተው መፍረድ ጀመሩ። አንድ ጊዜ ወደ እኔ ዞረው «ልጄ፥ ይህን ሰው የሚመክር ሽማግሌ በአዲስ አበባ ጠፋን?» ቢሉኝ፥ «እማማ፥ እርስዎ ቢሄዱለት ኖሮ ድራማው በሦስት ቀን ባለቀ» ብዬ መለስሁላቸው።

የታሪኩን መጨረሻ አስቀድሜ ከሰው መስማቴ ደስታዬን አልቀነሰውም። የሚሆነውን የሚያውቅ ሰው፥ እንዴት እንደ ሆነ በጸጥታ ይመለከታል፤ የተዋንያኑን ፊትና የደራሲውን ብልኀት ያያል። አንድ ነገር ግን መጠንቀቅ ያሻል። ሁሉ በእጅ ነው ብሎ ሌሊቱን ሙሉ ማየት ዓይንን ያደክማል፥ የነገውንም ሥራ ያበላሻል። እኛ በአንድ ምሽት ከሁለት ክፍል እንዳይበልጥ ወሰንን፤ በዚህም ነገን የመናፈቅ ደስታ ተረፈልን።

እንግዲህ ክቡራን አባቶችና እናቶች ሆይ፥ በዘመኑ ያመለጣችሁ የተመሰገነ ሥራ ቢኖር አልፎበታል ብላችሁ አትተዉት። ስታዩት ግን ብቻችሁን አትዩት። ቋንቋው የከበደውን፥ ጆሮው የደከመውን፥ ከወግ የራቀውን ቤተ ሰብ በአጠገባችሁ አስቀምጡ፤ የሚያስፈልገውም ሲሆን ተውኔቱን አቁማችሁ አስረዱት። የዘገየ ነገር ትልቁ ጥቅም ወደ ኋላ የቀረውን መጠበቅ መቻሉ ነውና።