ስልኩና ጡሩምባው

የጎንደርን ፒያሳ የሚያውቅ ሁሉ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የሠሩትን የፖስታ ቤት ሕንፃ ያውቀዋል። እኔም ከደባርቅ ወደ ጎንደር ለትምህርት በመጣሁበት በልጅነቴ ዘመን፥ በከተማው ስልክ ለመነጋገር ተራ የሚጠብቀውን ሰው ቆሜ ማየት እወድ ነበር። በተለይ የባላገሩ ሰው ተራው ሲደርስ የስልኩን እጀታ በሁለት እጁ ጨብጦ፥ ግድግዳው እስኪያስተጋባ ድረስ ይጮኽ ነበር። የከተማው ልጆች ይሥቁበታል። እኔ ግን አልሥቅም ነበር፤ በአገሬ በሰሜን ተራሮች ሰው ለሰው ቃል የሚያደርሰው ከጋራ ወደ ጋራ በመጣራት መሆኑን አውቃለሁና።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ ግን የልጅነት ትዝታ ሳይሆን የገዛ ራሴ ጥፋት ነው።

በ2011 ዓ.ም. በመጋቢትና በሚያዝያ ወር በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እሳት ተነሣ። ፓርኩ በአደጋ ላይ ካሉት የዓለም ቅርሶች መዝገብ የወጣው በ2009 ዓ.ም. ስለ ነበረ፥ ደስታው ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም። ጓሳው በበጋው ፀሐይ እንደ ገለባ ደርቋል፤ አስታው ሲነድ ይንጣጣል፤ ነፋሱም ከገደሉ ሥር እየተነሣ ነበልባሉን ከአንዱ ሸንተረር ወደ ሌላው ያሻግረዋል። ከኬንያ ሄሊኮፕተር፥ ከእስራኤልም የእሳት አደጋ ባለሞያዎች ለርዳታ እስኪደርሱ ድረስ እሳቱን በቅጠልና በአፈር፥ በአካፋና በበትር ሲታገለው የሰነበተው የአገሩ ሰው ነው።

አጎቴ የሚኖሩት ከፓርኩ ዳር በምትገኝ አንዲት ትንሽ መንደር ነው። መንደሪቱ መብራት የላትም። በዚያን ቀን በመንደሩ ውስጥ ከነበሩት ስልኮች ባትሪው የሞላ የአጎቴ ልጅ ስልክ ብቻ ነበረ፤ ይኸውም በዋዜማው ደባርቅ ገበያ ውሎ አስሞልቶት ስለ መጣ ነው። እኔ ጎንደር ሆኜ ወሬውን እንደ ሰማሁ ደወልሁለት። «ደኅና ነን፤ እሳቱ ከእኛ ሩቅ ነው» አለኝ። ጥቂት ቆይቼ ደግሜ ደወልሁ። እኅቴም ከአዘዞ ደወለች፤ የአክስቴ ልጆች ከባሕር ዳር፥ ሌላውም ዘመድ ከአዲስ አበባ እየተቀባበሉ ደወሉ። ኋላ ስልኬን ከፍቼ ብቆጥረው እኔ ብቻዬን ሃያ ሦስት ጊዜ ደውያለሁ። በሃያ አራተኛው፥ ደንበኛውን ማግኘት እንደማይቻል የምታስታውቀው ሴት መለሰችልኝ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ሲነጋ በመጀመሪያው አውቶቡስ ተሳፍሬ ዳባትን አልፌ ደባርቅ ደረስሁ፤ ከዚያም የቀረውን መንገድ በእግሬ ወጣሁት። አጎቴን ያገኘኋቸው ከደጃቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነው። ፊታቸውም ጋቢያቸውም ጥላሸት ለብሷል። ልጃቸው ከቤት ውስጥ እጁን በጨርቅ ተጠቅልሎ ተኝቶ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወደ ማታ ነፋሱ ዞረ። የአጎቴ ልጅ ከሌሎች ጎበዛዝት ጋራ ከማዶ ሸንተረር ላይ ነበር። አጎቴ እሳቱ ወደ ሸለቆው መውረዱን አይተው ወደ ልጃቸው የሚደውሉበት አጡ፤ ያ አንድ ስልክ ከልጁ ኪስ ውስጥ ሞቷልና። ስለዚህ ለለቅሶ የሚነፋውን ጡሩምባ አውርደው ነፉ። ጡሩምባው ግን «ኑ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል የለውም። ቀጥለው በአፍ ተጣሩ፤ ከፊተኛው ጋራ ያለው ሰው ተቀበለ፥ እሱም ለሚቀጥለው አቀበለ። ቃሉ ከሦስተኛው ጋራ ሲደርስ ግን «ወደ ታች አትውረዱ» የተባለው «ወደ ታች ውረዱ» ሆኖ ተሰማ። ልጆቹም ወረዱ። ሌሊቱን ከደረቀ ወንዝ ውስጥ ከድንጋይ ሥር ተጣብቀው አደሩ። ሁሉም በሕይወት ወጡ፤ እጁ የተቃጠለው የአጎቴ ልጅ ብቻ ነበር።

«አያ፥ ስልኩ ምን ነካው? ትናንት ጧት እኮ ሙሉ ነበረ» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ጨረሳችሁታ ልጄ» አሉኝ።

በድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

በዚያው ሰሞን ስለ መጣራት ሥርዐት አጫወቱኝ። በፊት የሚጣራው ሰው የሚመረጥ ነበረ፤ ድምፁ የጎላ ብቻ ሳይሆን ትዕግሥት ያለው መሆን አለበት። መጀመሪያ የሚጠራውን ጋራ ስም ይጠራል፤ «አቤት» እስኪባል ይጠብቃል፤ ከዚያ ቃሉን አሳጥሮ ይናገራል። ተቀባዩ ደግሞ የሰማውን መልሶ ለጣሪው ይናገራል። መልሶ ካልተናገረና ጣሪው «ይሁን» ካላለው፥ ቃሉን ወደሚቀጥለው ጋራ ማሳለፍ ነውር ነበር። «ስልክ ከመጣ ወዲህ ጎበዙ መልሶ መናገሩን ተወው» አሉ አጎቴ።

ይህንኑ በቴሌኮሙኒኬሽን ሥራ ዕድሜውን ለፈጀ አንድ ወዳጄ ብነግረው ሣቀ። የራዲዮ ሠራተኛም የተቀበለውን ቃል መልሶ እንዲናገር ይገደዳል፤ ያለዚያ መልእክቱ እንደ ደረሰ አይቈጠርም አለኝ። ቀጥሎም እኛ ከሩቅ ብረቱን ብቻ ስለምናየው የስልክ ማማ አስረዳኝ። መብራት ሲጠፋ ማማው በባትሪ ይሠራል፤ ባትሪው የሚያገለግለው ለሰዓታት ነው። ከዚያ በኋላ ጀኔሬተር ይነሣል፥ ጀኔሬተሩም ነዳጅ ይሻል፤ መኪና በማይደርስበት ስፍራ ነዳጁ በሰው ጫንቃና በከብት ጀርባ ይወጣል። ይህም ሁሉ ተሟልቶ፥ በተራራ አገር ማማው ቃሉን ለሌላው ማማ በአየር የሚያቀብለው ፊት ለፊት በመተያየት ስለ ሆነ፥ ከመካከል አንዱ ቢጠፋ ሌላ መተላለፊያ ካልተዘጋጀ ከኋላው ያሉት ሁሉ መብራት እያላቸው ዲዳ ይሆናሉ። «ታዲያ ይህ ከአጎትህ ጥሪ በምን ተለየ?» አለኝ።

የተለየስ ነገር አለው፤ ማማው ብዙ ይናገራል፥ ጥሪው ጥቂት። ማማው ግን በነዳጅ እጦት ዝም ይላል፤ ጥሪው የሚያልቅበት ነዳጅ የለውም። አንዱን ይዞ ሌላውን መጣል በታሪካችንም ዋጋ አስከፍሎናል። በ1928 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦር ግንባር በራዲዮ የተላከውን መልእክት ጣሊያኖች እየጠለፉ ያነቡት ነበር፤ ራስ እምሩ ግን በሽሬ ሳሉ የሌላውን ግንባር ወሬ የሚያገኙት በእግረኛ መልእክተኛ ስለ ነበረ እጅግ እየዘገየ ይደርሳቸው ነበር። ፈጣኑ መንገድ ምስጢር አይጠብቅም፥ ዘገምተኛው አይደርስም።

ወዳጄ ሌላም ጠቃሚ ነገር አስተማረኝ። በጭንቅ ቀን ሁሉም ሰው ባንድ ጊዜ ሲደውል መስመሩ ይጨናነቃል፤ አጭር የጽሑፍ መልእክት ግን ለንግግር የሚያስፈልገውን መስመር ሳይሻ በጠባብ መንገድ ያልፋል። የተቀባዩ ስልክ ቢዘጋም መልእክቱን ማእከሉ ይዞ ያቈየዋል፤ ባትሪም ብዙ አይፈጅም። ሃያ ሦስት ጊዜ ከመደወል ይልቅ አንድ መስመር ብጽፍ ኖሮ!

ከዚያ ወዲህ ክፉ ቀን አላጣንም። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ አዲ አርቃይ በደረሰ ጊዜ ደባርቅ በተፈናቃይ ተሞላች። ዘመድ ለመጠየቅ ሄጄ ሳለሁ ያየሁት ሰው ከእንጀራ ቀጥሎ የሚለምነው ስልክ ነበር፤ ቁጥር በቁራጭ ወረቀት ጽፎ የያዘ፥ የሚደውልበት ግን የሌለው። በ2015 ዓ.ም. በሐምሌ ወር መጨረሻ ደግሞ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆየ፤ በቴሌግራም ትምህርት ማደል የለመድን መምህራን ወደ ጠመኔና ወደ ወረቀት ተመለስን።

እኔና አጎቴ ግን ከእሳቱ ማግስት የተዋዋልነው ውል አለን። ክፉ ወሬ ሲሰማ አንድ መልእክት እልካለሁ፥ ከዚያ በኋላ አልደውልም። የአጎቴ ልጅ ማታ አንድ ሰዓት ሲሆን ኔትወርክ ወደሚገኝበት ጉብታ ይወጣል፤ ስልኩን ከፍቶ መልሱን ይልክና መልሶ ይዘጋዋል። መልሱ የሚጀምረው እኔ የጻፍሁትን ደግሞ በመጻፍ ነው። ይህን ያዘዙት አጎቴ ናቸው።

ባለፈው ክረምት በወገራ በኩል ከባድ ዝናብና መብረቅ በወረደ ጊዜ «ቤቱ ደኅና ነው?» ብዬ ጻፍሁ። ማታ አንድ ሰዓት ሆነ፥ ሁለት ሆነ፥ ምንም አልመጣም። ጎንደርም መብራት ጠፍቶ ስለ ነበረ ሳላስበው የእኔው ስልክ ባትሪ አልቆ ተዘጋ። እጄ የሚደውልበት አጥቶ ዐደረ። ጧት መብራት መጥቶ ስልኩን ብከፍተው ማእከሉ ሌሊቱን ይዞት ያደረው መልእክት ገባ፤ የተላከውም በአንድ ሰዓት ከአምስት ደቂቃ ነበር። «ቤቱ ደኅና ነው ብለሃል። ቤቱ ደኅና ነው። ላሚቱ ወልዳለች።»